በቂብላችን በኩል ያለው ተራራ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ የእግር ጉዞ አጫውታችኋለሁ። ጉዞው የአንድ ቀን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በውስጤ የቀሩ ጥያቄዎች አሉ፤ እነሱን ከእናንተ ጋር ልካፈላቸው ብዬ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው የአባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንን፣ የትኖራንና ሉማሜን ካለፈ በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ከመግባቱ በፊት አምበር የምትባል ከተማ ያገኛል። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። በአምበር ለሰላት የሚቆም ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርጎ ይቆማል። በዚያ በኩል ያለው ተራራ ደግሞ ጮቄ ነው። እንግዳ መጥቶ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ሲጠይቃት፣ አያቴ «በጮቄ በኩል» ብላ ነበር የምትመልሰው። ኮምፓስ በእጁ የያዘ ሰው ትንሽ ያርማት ይሆናል፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ሠላሳ ዓመት ፊቴን ያዞርኩበትን ተራራ አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላየሁትም ነበር።

እንድወጣ ያደረገችኝ ልጄ ናት። ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። በትምህርት ቤት መጽሐፏ ላይ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን አየች። ሦስቱም ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም በዱር እንደማይገኙ አስተማሪዋ ነግሯቸዋል። ማታ መጽሐፉን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ከእነዚህ አንዱን በዓይንህ አይተሃል?» አለችኝ። ጭላዳን አይቻለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በደብረ ሊባኖስ አቅራቢያ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ሲነጩ የጎጃም ተሳፋሪ ሁሉ ያያቸዋል። ዋልያና ቀይ ቀበሮን ግን አላየሁም። «የት ሄደን እናያቸዋለን?» አለችኝ።

ትክክለኛው መልስ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመ፣ በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ የሆነ ነው። ነገር ግን ከአምበር ደባርቅ ለመድረስ ባሕር ዳርንና ጎንደርን ማቋረጥ ያስፈልጋል። ለአራት ሰው ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብና የመግቢያ ክፍያ ስደምረው የአንድ ወር ደመወዜ አልበቃ አለ። ስለዚህ «በመጀመሪያ የራሳችንን ተራራ እንይ» አልኳት። ጮቄ ያኔ እንደ ሰሜን ተራሮች በርና ትኬት ያለው ፓርክ አልነበረም። ከፍታው ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከእሱ ይነሣሉ፤ ሁሉም አባይ ይገባሉ።

ጎረቤታችን ሲሰሙ «እንጨት ሊለቅም ካልሆነ ተራራ የሚወጣ ሰው ምን ነክቶት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እውነት ለመናገር እኔም በልባቸው ያለው ትንሽ ነበረብኝ።

በጥቅምት 2011 አንድ ቅዳሜ ቀን ሱብሒን ሰግደን ተነሣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄና የ13 ዓመት ልጅ የሆነው የእህቴ ልጅ ነበርን። በሶ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙዝ ይዘናል። ከአምበር ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ ሮብ ገበያ በመኪና ሄድን። ከሮብ ገበያም ሽቅብ ሌላ መኪና ካደረሰን በኋላ በእግራችን ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አሳፋሪ ነበሩ። ለልጄ የዱር እንስሳት ላሳይ ቃል ገብቼ፣ ያየነው ገብስ፣ ድንች፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ገብስ ነበር። ዳገቱ ላይ ያለው እርሻ በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ ገበሬው በምን ቆሞ እንደሚያርስ ይገርማል። የቀድሞው የአስታ ዛፍ ቁጥቋጦ ሆኖ በየገደሉ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ልጄ «አባዬ፣ እንስሳቱ የታሉ?» ትላለች። «ወደ ላይ ናቸው» እላለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያንኑ ደገምኩላት። ባለቤቴ ራሷን አመማት። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከቆላና ከወይና ደጋ የወጣን ሰው እንዲህ ያደርገዋል፤ መድኃኒቱ ቀስ ማለት፣ ውኃ መጠጣት፣ ከባሰም መውረድ ነው። ቀስ አልን።

ቀስ ማለታችን ጠቀመን። እርሻው እየሳሳ ሄዶ ጓሳው ጀመረ። በጓሳው መካከልም ጅብራው ተነሣ። ጅብራን ያላየ አድማጭ ካለ፣ ቅጠሉ እንደ ትልቅ እንሰት አናቱ ላይ የተሰበሰበ፣ ግንዱ ግን እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል ነው። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ፍሬውን ከበተነ በኋላም ይደርቃል። በጉም ውስጥ ሲታይ በሰልፍ የቆመ ሰው ይመስላል። ልጄ እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ማየት የጀመርነው። እርጥቡ ሣር ላይ ረጅም የታጠፈ መንቁር ያላቸው ጋጋኖዎች ትል እየለቀሙ ነበር፤ ስንቀርባቸው እየጮኹ በአንድ ላይ ተነሡ። ወፍራም መንቁር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ አየን፤ እሱም የአገራችንና የጎረቤታችን የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። ከበላያችን ደግሞ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ቋጥኝ ላይ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ አለፈ። ሱብሓነላህ! ልጄ ደብተር ይዛ ነበርና ሁሉንም ትጽፋለች።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ ከአንድ ድንጋያማ ቦታ ደረስን። ባለቤቴ «ዝም በሉ፣ ቁጭ በሉ» አለችን። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳንንቀሳቀስ ተቀመጥን። መጀመሪያ አንዲት ሽኮኮ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ወጣች። ከዚያ ግልገሎቻቸው መጡና ፀሐይ ለመሞቅ ድንጋዩ ላይ ተዘረጉ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ በጣቷ ትቆጥራለች። ሰባት ደርሳ ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን መንገድ ላይ ካገኘነው እረኛ ወንጭፍ ተውሶ ኖሯል። ጠጠሩ ሲፏጭ ሰማሁ። ድንጋዩን መታና ፍንጣሪው ብልጭ አለ፤ በዓይን ጥቅሻ አንድም ሽኮኮ አልቀረም። ልጁ አነጣጠሩ ጥሩ ነበርና እኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ለጥቂት ሳትካት!» ብዬ ሳቅሁ። ልጄ አለቀሰች። ባለቤቴ ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር የውርወራ ዒላማ ማድረግን አልከለከሉም እንዴ? ይህንን ለልጆቹ የምታስተምረው አንተ አይደለህም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ወጣቶች ዶሮ አስረው ሲወረውሩባት አግኝተው እንደገሠጿቸው፣ በዚሁ ጉዳይ የተላለፈውን የነቢዩን ክልከላ እንደነገሯቸው በመድረሳ አስተምሬዋለሁ። ሐዲሱን ከነሰነዱ የማውቀው እኔ፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የምናውቀው ነገር እግራችን ድረስ አይወርድም መሰል።

ከሽኮኮዎቹ መልስ በአቅራቢያው ከምትገኝ ምንጭ ውዱእ አድርገን ዙሁርን ሰገድን። ውኃው አጥንት ይሰብራል። በልጅነቴ ከፊቴ የነበረው ተራራ አሁን ከእግሬ በታች ነው፤ ከፊቴ ያለው ወደ ድጓ ጽዮንና ወደ ሞጣ የሚወርደው አገር ነው።

ሰግደን ስንጨርስ ከሩቅ ሲያዩን የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ቀረቡንና ቤታቸው ጋበዙን። ክርስቲያን ናቸው። ሙስሊም መሆናችንን ስላወቁ ጠላውን ወደ ጓዳ አስገቡትና ቅቅል ድንችና አሬራ አቀረቡልን። በደጋው ብርድ የዚያን ቀን ድንች የሚያህል ምግብ በልቼ አላውቅም።

ልጄ መጽሐፏን አውጥታ የቀይ ቀበሮውን ሥዕል አሳየቻቸውና «አባባ፣ ይሄ እዚህ አለ?» አለቻቸው። አዛውንቱ መጽሐፉን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ ቆዩ። «አባቴ ያወራ ነበር። እኔ አላየሁትም። ጅብና ተራው ቀበሮ ነው ያለው» አሏት።

ልክ ነበሩ። ቀይ ቀበሮ በጮቄ ይኖር እንደነበር፣ ከአሥርተ ዓመታት በፊትም ከጎጃም ፈጽሞ እንደጠፋ በዘርፉ የተሰማሩ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በጎንደር የጉና ተራራም በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ፣ እንዲሁ ጠፍቷል። ዛሬ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ሲሆኑ፣ የተቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋዎች ተበታትነው ይኖራሉ። የሚበሉት በአብዛኛው የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው። ማሳ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የአይጡና የፍልፈሉ ሣር ሲታረስ፣ ቀበሮውም ከላይ ወደ ሰማይ መሄጃ የለውምና ያልቃል።

ሌላው ገዳይ ደግሞ ከቤታችን የሚወጣ ነው፤ ውሻ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ባሌ ቀበሮዎች ተላልፎ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን እስከ መከተብ ተደርሷል። ለከብትና ለቤት ጥበቃ ውሻ የምታሳድጉ አድማጮች፣ ሸሪዓችን ለዚህ ዓላማ ፈቅዶላችኋል፤ ግን ውሻችሁን በአካባቢያችሁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አስከትቡ። የምታድኑት የራሳችሁን ልጅም ነው። ለእግር ጉዞ ስትወጡም ውሻ አታስከትሉ።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። እኔ እንደተማረ ሰው ስለ ተራራው መራቆት፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ደለሉ መናገር ጀመርኩ። አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ አባቴ ያለው መሬት ለእኛ ለአምስት ወንድማማች ተከፋፈለ። የእኔ ድርሻ ለልጆቼ ሲከፈል ጥማድ አይሞላም። ላይኛውን ካላረስኩ ምን ላብላቸው? ቀበሮው ቢመለስ ገብሴን ማን ይመልስልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ይሁንና ከዚያ ቀን በኋላ ጉዳዩን ሳነብና ስጠይቅ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊም ወንድሞቻችን ነበሩ። ፓርኩ ሳይታወጅ በፊት ጀምሮ እዚያ ገብስ እየዘሩና ከብት እያረቡ ይኖሩ ነበር። ፓርኩ በግጦሽ፣ በእርሻና በሰው መብዛት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። እንዲወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ከ400 በላይ የሆኑት የግጭ አባወራዎች ካሳና ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ መዛወራቸው ነው። ሣሩ አገግሟል፤ ዓለምም አመስግኗል። ዋልያንና ጭላዳን ለማየት የምንሄድ ሰዎች ግን ያ የምናደንቀው ሜዳ የአንድ መንደር መስጊድ፣ መቃብርና ማሳ እንደነበረ ማወቅ አለብን። ገብስ ሲዘራ ያረጀን ሰው ከተማ አስገብቶ «ካሳህን ተቀብለሃል» ማለት ብቻውን ሐቅን ይጨርሳል ብዬ አላምንም። መዛወራቸውን የሚደግፍ ሰው ቢኖር አልጣላውም፤ ስለ እነሱ ሳይጠይቅ የሚደግፈውን ግን እወቅሰዋለሁ። በነገራችን ላይ እኛ ጮቄን በጎበኘን በዚያው ዓመት በሚያዝያ 2011 ፓርኩ በእሳት ተያያዘ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥቶ እስኪረዳ ድረስ እሳቱን በቅጠልና በአፈር ሲታገሉ የነበሩት የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ።

ሌላው የመንዝ ጓሳ ነው። እዚያ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ለክዳንና ለግጦሽ በደረሰ ጊዜም በጋራ ይከፍተዋል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ ቀጠለበት። በጮቄም በጓሳም የሚበቅለው ያው ሣር ነው። በአንዱ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በሌላው የለም።

ይህ ነገር ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አጠገብ ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ግጦሽ ከልለውት ነበር፤ እንዲህ ያለው ቦታ ሒማ ይባላል። በመዲና ሐረም ውስጥም ማደንንና ዛፍ መቁረጥን ከልክለዋል። ከእሳቸው በኋላ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ለሒማ ጠባቂያቸው ለሁነይ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። ያዘዟቸው እንዲህ ነበር፦ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ ይግባ፤ የኢብኑ ዐውፍንና የኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን ጠብቅ። ለምን? ሁለቱ ታላላቅ ሰሓባዎች ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር አትክልትና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ዑመር መሬቱን አልከፈቱትም፣ ከልለው ጠብቀውታል። ድሃውንም አላባረሩትም፤ ያገዱት የባለጠጋውን መንጋ ነው። አዛውንቱ ገበሬ «ገብሴን ማን ይመልስልኛል?» ሲሉኝ ይህ ታሪክ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጮቄ ቢከለል፣ ቢያገግምም፣ ከውኃው የሚጠቀመው ደብረ ማርቆስ ነው፣ አምበር ነው፣ በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ነው፤ ደለል ሲቀንስለት ዕድሜው ይረዝማል። ታዲያ ከታች ያለነው ሁላችን፣ ከላይ ላሉት አምስት ወንድማማች ልጆች ምን እንሰጣለን? የመስኖ ዘር ነው? የሥራ ዕድል ነው? የጎብኚ ገቢ ነው? ይህን ሳንመልስ ሽማግሌውን አትረሱ ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

የጊዜ ነገር ሆኖ ስለ ጉዞው ሥርዓት ጥቂት ብቻ ልጨምር። እንስሳ ማየት የሚፈልግ በማለዳ ይውጣ፤ ፀሐይ ከጠነከረች ይደበቃሉ። ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እናንተ እንዲነፍስ ሆናችሁ ቅረቡ። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፤ ስልኩን ከነነሺዳው ዝጉት። ጭላዳ ስታዩ ዳቦ አትወርውሩለት፤ ምግቡ ሣር ነው፣ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ የድሃ ማሳ ይገባል። ላስቲክ ጥላችሁ አትምጡ። ሰላት እንዳያመልጣችሁ ውኃ ያለበትን ቦታ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የብርድ ልብስም ያዙ፣ በቀትር ሞቆ በዐስር ይበርዳል። ሴቶች ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። እኛ ቤት ከሁላችን አብልጣ ያየችው እሷ ናት።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን በተስፋፋው ግጭት ምክንያት እንዲህ ያለ ሽርሽር እንደ ድሮው አይታሰብም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። የእህቴ ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኗል፤ ባለፈው ዓመት የግቢውን ውሻ ሊያስከትብ ሲወስድ አግኝቼው «ስለ ሽኮኮዋ ነው?» ብለው ሳቀ። ልጄ ዘንድሮ 16 ዓመቷ ነው። የዚያን ቀን ደብተር አላጣችውም። ንግግሩን ሳዘጋጅ አምጪው አልኳትና የመጨረሻውን ገጽ አየሁት። በልጅ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ቁራ 4፤ ጋጋኖ ብዙ፤ ትልቁ አሞራ 1፤ ሽኮኮ 7፤ የፍልፈል ጉድጓድ በጣም ብዙ፤ ቀይ ቀበሮ 0። ከዜሮው አጠገብ ደግሞ በእርሳስ «ሌላ ቀን» ብላ ጽፋበታለች።